ከፖንዛ እስከ አሲናራ፦ በግዞት ደሴቶች መካከል

ማክሰኞ፣ ፎርሚያ

ወደ ፖንዛ የሚሄደው መርከብ ከፎርሚያ ይነሳል። ፎርሚያ ከሮም በስተ ደቡብ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የምንሄደው አንድ ቤት ለማየት ነው። ጣሊያኖች ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ማርከው ካመጧቸው በኋላ ያስቀመጧቸው ፖንዛ ደሴት ላይ ነበር።

አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። ቦሎኛ ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ አሁን ታሪክ የምታጠና ልጅ። ለጉዞው መጻሕፍት ስንይዝ ሥራ ተከፋፍለናል። የአማርኛውን እኔ አነባለሁ፤ የጣሊያንኛውን እሷ ታነባለች። ማታ ማታ ያገኘነውን እናወራለን። እኔ የያዝኳቸው መጻሕፍት ታሪኩን ከሽሬና ከጎሬ ያመጡትና ጣሊያን ወደብ ላይ ሲደርስ ይተዉታል። እሷ የያዘቻቸው ደግሞ ስለ ደሴቶቹ አንድም ሳይቀር ይተርካሉ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ግን በአንድ መስመር ያልፋሉ።

ለማያስታውስ ሰው ባጭሩ። ራስ እምሩ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሐረር አብረው ያደጉ የቅርብ ዘመድ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የሽሬን ግንባር መሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እሳቸው ምዕራቡን ይዘው ቀሩ። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ያለው የባሕር ታሪክ ነው።

መርከቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል። ላይኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን ልጅቷ መጽሐፏን ከፈተች። ትንሽ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ይስሟት» አለች።

ካርሎ ፒሳካኔ የሚባል አብዮተኛ ነበር። በ1857 (የጥንቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ) ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ተራ ተሳፋሪ መስሎ ከጄኖቫ መርከብ ላይ ወጣ። መሐል ባሕር ሲደርሱ መርከቡን ቀሙ። ፖንዛ ወረዱና ያኔ ደቡብ ጣሊያንን ይገዛ የነበረው የቡርቦን መንግሥት ያሰራቸውን ወደ 300 የሚጠጉ እስረኞች ፈቱ። ከዚያ ይዘዋቸው ወደ ደቡብ፣ ሳፕሪ ወደሚባል ባሕር ዳርቻ ሄዱ። ገበሬው ይነሣል ብለው ነበር። ገበሬው ተነሣ፤ የተነሣው ግን በእነሱ ላይ ነው። ፒሳካኔም በዚያው ዘመቻ አለቀ።

«መርከቡ ካሊያሪ ይባል ነበር» አለች። «የሩባቲኖ ኩባንያ ነው።»

«የማን አልሽኝ?»

«የሩባቲኖ፣ ጋሼ። የጄኖቫ የመርከብ ድርጅት።»

መጽሐፉን ከእጇ ተቀብዬ ስሙን ራሴ አየሁት። ሩባቲኖን የማያውቅ የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ የለም። ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚሲዮናዊ ከአፋር ሱልጣኖች የአሰብን ባሕር ዳርቻ ገዛ። የስዊዝ ቦይ ሊመረቅ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። የገዛው በሩባቲኖ ኩባንያ ስም ነው፤ ለመርከብ የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ይሆናል ተብሎ። በ1882 ኩባንያው ቦታውን ለጣሊያን መንግሥት አስረከበ። ጣሊያን ቀይ ባሕር ላይ የተከለችው የመጀመሪያው እግር ይህ ነው። ከአሰብ ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ አስመራ፣ ከዚያ ወደ ዓድዋ።

ስለዚህ ወደ ፖንዛ እየሄድን ያነበብነው መርከብና አሰብን የገዛው ገንዘብ ከአንድ ካዝና ነው የወጡት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 12 ዓመት ነው። ይህን ሳውቅ ጉዞው ተለወጠብኝ። ቤት ለማየት የወጣሁ ሰው መስመር መከተል ጀመርኩ።

ረቡዕ፣ ፖንዛ

ፖንዛ ውብ ናት። ወደቧ ግማሽ ክብ ነው፤ ቤቶቹ ሮዝና ቢጫና ነጭ ተቀብተው በደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሮማውያን አለቱን ፈልፍለው ዓሣ ያረቡባቸው የነበሩ ዋሻዎች አሁንም አሉ። የሚመጣው ሰው ለመዋኘትና ዓሣ ለመብላት ነው። ይህን በማለቴ ማንንም አልወቅስም፤ እኛም ዋኝተናል፣ ዓሣም በልተናል።

ቤቱ ያለው ሳንታ ማሪያ የሚባለው ሰፈር ነው። ከወደቡ በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ስንጠይቃቸው በሙሶሊኒ ስም ወዲያው ገባቸው፤ በእጃቸው አሳዩን። የራስ እምሩን ስም ስንጠራ ትንሽ አሰቡና፣ «አዎ፣ ከእሱ በፊት አንድ የአፍሪካ መስፍን ነበረበት ይባላል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሙሶሊኒን ከሥልጣን አውርዶ አሰረው። ጀርመኖች እንዳያስፈቱት የሚደበቅበት ቦታ ተፈለገ። ሐምሌ 21 ቀን በጦር መርከብ ፖንዛ አመጡት። በማግስቱ 60 ዓመት ሞላው። ያስቀመጡት ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያን የወረረው ሰው፣ ልደቱን ያሳለፈው ከኢትዮጵያ አግዞ ባመጣው ሰው ቤት ነው። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ ሁለት ዓመት አልፏል።

ይህን ታሪክ ስንነግር ብዙ ጊዜ «የእግዜር ሥራ» ብለን እንጨርሰዋለን። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። አሁን ግን ሌላው ገጽታው በለጠብኝ። ቤቱ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። መንግሥት ሰው የሚደብቅበት የተዘጋጀ ቦታ ነበረው፤ ጠባቂው፣ ጀልባው፣ ቁልፉ ሁሉ ያለቀለት። ዘበኛ የሚፈለግለት ሰው ሲመጣ ቀድሞ ለሌላ የተሠራው ቤት ተከፈተ። ሙሶሊኒ የገባው ራሱ ባደራጀው እስር ቤት ነው።

ፋሺስቶች ተቃዋሚዎቻቸውን ወደ ደሴት ማጋዝ የጀመሩት በ1926 ባወጡት ሕግ ነው። ሊፓሪ፣ ኡስቲካ፣ ፖንዛ፣ ቬንቶቴኔ፣ ትሬሚቲ እያሉ ሰውን በተኑት። ፖንዛ ላይ ኮሚኒስቱ ጆርጆ አሜንዶላ ነበር፤ በኋላ የጣሊያን ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንድሮ ፔርቲኒም ነበር። ሙሶሊኒ በመጣባት ሳምንት ደግሞ የሶሻሊስቶች መሪ ፒዬትሮ ኔኒ እዚሁ ደሴት ላይ ግዞተኛ ነበር። ኔኒ ከመስኮቱ በመነጽር አየው።

ልጅቷ እዚህ ላይ ሌላ ገጽ ገለጠች። ኔኒና ሙሶሊኒ ወጣት ሳሉ ጓደኛሞች ነበሩ። በ1911 ጣሊያን ሊቢያን ስትወርር ሁለቱም ሶሻሊስቶች ሆነው ጦርነቱን ተቃወሙ፤ ሁለቱም ታሰሩ፣ ፎርሊ ከተማ ውስጥ አንድ እስር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ሻራ ሻት በሚባል ቦታ የሊቢያ ሰዎች የጣሊያንን ጦር ክፉኛ መቱት። የጣሊያን ምላሽ ጭፍጨፋና ግዞት ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሊቢያውያን በመርከብ እየታጨቁ ወደ ኡስቲካ፣ ወደ ትሬሚቲ፣ ወደ ፋቪኛና ተላኩ። ወደ ፖንዛም መጡ። ብዙዎቹ በብርድና በበሽታ አለቁ።

እንግዲህ አስቡት። ከራስ እምሩ 25 ዓመት ቀደም ብሎ በዚህ ወደብ ሊቢያውያን ወርደውበታል። ያኔ ጦርነቱን ተቃውመው አብረው ከታሰሩት ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ራሱ ወራሪ ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱም አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ፣ አንዱ የሌላው ግዞተኛ፣ ሌላው የንጉሡ እስረኛ ሆነው ተያዩ። መቼም ይህን ሰው ከራሱ ቢጽፈው ማንም አያምነውም።

ሐሙስ፣ አሁንም ፖንዛ

ዛሬ በትንሽ ጀልባ ወደ ፓልማሮላ ሄድን። ከፖንዛ በስተ ምዕራብ ያለች ደሴት ናት፤ አለት ውስጥ የተፈለፈሉ ጥቂት ጎጆዎች አሏት፤ የከተማ ነገር የለባትም። የመጣነው ለመዋኘት ነበር። ዳሩ ግን አለቱ ላይ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። የማን ናት ስንል የቅዱስ ሲልቬሪዮ አሉን። የፖንዛ ጠባቂ ቅዱስ እሱ ነው። ጁን 20 በዓሉ ሲከበር ምስሉን በጀልባ ባሕር ላይ ያዞሩታል። ከፖንዛ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱት ሳይቀሩ እዚያ ያከብሩታል።

ሲልቬሪዮ የሮም ጳጳስ ነበር። በ537 ከመንበሩ ወርዶ ወደዚህ ተጋዘ፤ እዚሁም ሞተ። ያስወረደችው የቢዛንጢዮኗ ንግሥት ቴዎዶራ ናት። ምክንያቱን ሳነብ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ቴዎዶራ የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉትን ትደግፍ ነበር። ከመንበሩ የተነሣውን የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ አንቲሞስን መልስልኝ አለችው። ሲልቬሪዮ እምቢ አለ። ጄኔራሏ ቤሊሳሪዮስ አወረደው።

ኬልቄዶን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሮምና ከቁስጥንጥንያ የተለየችበት ጉባኤ ነው። ዘመኑ የአፄ ካሌብ ዘመን አካባቢ ነው። ይህችው ቴዎዶራ ለኑቢያ ሰባኪ የላከች ናት። እኔ እሷን የማውቃት ከዚያ ወገን ነው፤ የተገፉትን ያስጠጋች ደግ ንግሥት ብዬ። እዚህ ደግሞ አንዲት አለት ላይ ጳጳስ በረሃብ እንዲሞት የላከች ክፉ ሴት ናት። ከጀልባው ነጂ ጋር ስለ እሷ ስናወራ ቁጣው የትናንት ነው የሚመስለው። እኔ ያደግሁበት ወገን እዚህ አሳዳጅ ነበር። ይህን በፖንዛ ባሕር ላይ እማራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ማታ ልጅቷ፣ «ግን ለምን ደሴት? እኛ አገር እንዲህ ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

ባሕር አልነበረንም እንጂ ሐሳቡ ነበረን አልኳት። አምባ ግሸንን ነገርኳት። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ በር፤ ዙፋን ይመኛሉ የተባሉ የንጉሥ ልጆች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበት። ልጅ ኢያሱም ከፍቼ ካመለጡ በኋላ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ላይ ነው የተዘጋባቸው። አምባ የደጋ ደሴት ነው። ልጅቷ ይህን ጻፈችው።

ዓርብ፣ ቬንቶቴኔ

ቬንቶቴኔ ከፖንዛ ታንሳለች። በእግር ዞረን ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደብንም። አውግስጦስ ቄሣር በ2 ዓመተ ዓለም ሴት ልጁን ዩልያን ያጋዛት እዚህ ነው። ከእሷ በኋላ የልጅ ልጁ አግሪጲና፣ ቀጥሎም የኔሮን ሚስት ኦክታቪያ መጡባት። በ1941 ደግሞ አልቲየሮ ስፒኔሊና ኤርኔስቶ ሮሲ እዚሁ ታስረው ሳሉ አውሮፓ አንድ እንድትሆን የሚጠይቀውን ማኒፌስቶ ጻፉ። የአውሮፓ ኅብረት ሰዎች ስለዚህ እየመጡ ይሳለሟታል። ስፒኔሊም የተቀበረው እዚሁ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከፊት ለፊት ያለችው ሳንቶ ስቴፋኖ ናት። ከባሕሩ መሐል ብድግ ያለች ክብ አለት፤ በላይዋ ላይ ቡርቦኖች በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት ክብ እስር ቤት አለ። የተዘጋው በ1965 ነው። እዚያ ከሞቱት አንዱ ጋኤታኖ ብሬሺ ነው። ብሬሺ በጁላይ 1900 ንጉሥ ኡምቤርቶን ሞንዛ ላይ በሽጉጥ የገደለው ሰው ነው። ኡምቤርቶ ማለት የውጫሌ ውል የተዋዋለው፣ ዓድዋም የደረሰበት ንጉሥ ነው። ብሬሺ የገደለው ስለ እኛ ብሎ አይደለም። በ1898 ሚላኖ ላይ ዳቦ ተወደደ ብለው በወጡ ሰዎች ላይ መድፍ የተኮሰውን ጄኔራል ንጉሡ ስለ ሸለመው ነው።

ንጉሡ የተገደለበት ጁላይ 29 የሙሶሊኒም የልደት ቀን ነው። ልጅቷ በዚህ ተደነቀች። እኔ የቀን መግጠም ብዙም አይገርመኝም፤ ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ጥቂት ናቸው። የእስረኛ መመዝገቢያና የመርከብ ኩባንያ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ሰው አስቦበት ያደረገው ነገር አለ።

ቅዳሜ፣ መንገድ

ወደ ፎርሚያ ተመለስን። ባቡር ወደ ቺቪታቬኪያ። ማታ ወደ ኦልቢያ የሚሄደውን ትልቅ መርከብ ያዝን። ሙቀትና ወረፋ፣ ሌላ የሚወራ የለም።

እሑድ፣ ላ ማዳሌና እና ካፕሬራ

ሙሶሊኒ ፖንዛ ላይ የቆየው ዐሥር ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ሰርዲኒያ፣ ላ ማዳሌና ወሰዱት። እኛም ተከተልነው። ከኦልቢያ በአውቶቡስ ፓላው፣ ከፓላው በትንሽ መርከብ ላ ማዳሌና። ያረፈበት ቪላ ዌበር አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ በ19ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ቤት ነው። አሁን ፈራርሷል፤ በጥድ ዛፍ መሐል ነው። ሂትለር ለ60ኛ ልደቱ የላከለት የፈላስፋው ኒቼ ሥራዎች ጥራዝ የደረሰው እዚህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ በባሕር አውሮፕላን ወደ ዋናው ምድር ወሰዱት፤ ከዚያ ግራን ሳሶ ተራራ ላይ። ጀርመኖች ያስፈቱት ሴፕቴምበር 12 ነው። በእኛ መስከረም 1 ቀን 1936 ዓ.ም. ነበር፤ እንቁጣጣሽ።

ከላ ማዳሌና ወደ ካፕሬራ በባሕር ላይ የተሠራ መንገድ አለ። ካፕሬራ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋው የጋሪባልዲ ደሴት ናት። በ1855 ግማሿን ገዛ፤ በ1882 እዚያው ሞተ። ነጩ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። አልጋው፣ መቃብሩ፣ የተከለው ዛፍ አለ።

ሙዚየሙን ዞረን ወጥተን ጥላ ሥር ስንቀመጥ ልጅቷን «እስኪ ስለ ሺዎቹ ዘመቻ አንብቢልኝ» አልኳት። በሜይ 1860 ጋሪባልዲ አንድ ሺህ ያህል ፈቃደኞች ይዞ ሲሲሊን ነፃ ለማውጣት ከጄኖቫ አጠገብ ተነሣ። የሄዱባቸው መርከቦች ፒየሞንቴና ሎምባርዶ ይባላሉ። የማን ናቸው?

አንገቷን ቀና አደረገች። «የሩባቲኖ።»

ደስታዬን ልደብቀው አልችልም። ያው ኩባንያ ነው። በ1857 መርከቡ ፖንዛን አስፈታ። በ1860 መርከቦቹ ጣሊያንን አንድ አደረጉ። በ1869 አሰብን ገዛ። ጋሪባልዲ በሞተበት በ1882 አሰብን ለመንግሥት አስረከበ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኩባንያው ፍላጎት አልተለወጠም፤ መርከቡ የሚሄድበት መስመርና ወደብ ነው የሚፈልገው። በአገሩ የነፃነት ታሪክ ውስጥ በክብር ይጠራል። በእኛ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው የወራሪ ስም ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጣሊያን ተማሪ የፊተኛውን ይማራል፤ እኛ የኋለኛውን። አንድ ላይ ተጽፎ እስካሁን አላገኘሁትም። አብሮ ቢጽፈው ደስ የሚለኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጣለች።

ሰኞ፣ ስቲንቲኖ

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ። ሰሜን ሰርዲኒያን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠን በሳሳሪ በኩል ስቲንቲኖ ደረስን። ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ከማዶ አሲናራ ትታያለች። ፔንሲዮን ይዘን ወደ ወደቡ ወረድን።

ስቲንቲኖ የተቆረቆረችው በ1885 ነው። አሲናራ ላይ ይኖሩ የነበሩ 45 ቤተሰቦች ነበሩ። መንግሥት ደሴቷን ለእስረኞችና ለወረርሽኝ መከላከያ ስለ ፈለጋት ተነሡ ተባሉ። ተሻግረው እዚህ ቤት ሠሩ። የአሲናራ የመጀመሪያዎቹ ግዞተኞች የራሷ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

1885 ለእኛም የሚታወቅ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ውስጥ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጦሯን ደመሰሱት። በዚያው 1887 ጣሊያኖች ከምጽዋ ባሻገር፣ በዳህላክ ደሴቶች ውስጥ፣ ኖክራ ላይ እስር ቤት ከፈቱ።

ኖክራን አላየኋትም። ያነበብኩትን ነው የምጽፈው። ከዳህላክ ከቢር አጠገብ ያለች ደረቅ ደሴት ናት፤ ጥላ የላት፣ ውኃ የላት። እስረኞቹን ድንጋይ ያስፈልጧቸው ነበር። አልገዛም ያለ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ፣ ቀለል ባለ ወንጀል የተከሰሰም ሳይቀር፣ እዚያ ይጣል ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም። እስር ቤቱ የተዘጋው በ1941 እንግሊዞች ሲመጡ ነው። ዳህላክን ለግዞት የተጠቀመባት ግን ጣሊያን ብቻ አይደለችም። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የዑመያ ኸሊፋዎች የማይወዱትን ሰው ወደዚያ ይልኩ ነበር፤ ባለቅኔው አል-አህዋስ ከተላኩት አንዱ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ኖክራ የሶቪየት የባሕር ኃይል ሰፈር ሆነች።

እንግዲህ አሲናራና ኖክራ በሁለት ዓመት ልዩነት የተከፈቱ የአንድ መንግሥት እስር ቤቶች ናቸው። አንዷ ሜድትራኒያን ላይ፣ አንዷ ቀይ ባሕር ላይ። አንዷ ለጣሊያን ወንጀለኛ፣ አንዷ ለአፍሪካ «አመፀኛ»። በ1929 ዓ.ም. ይህ ድንበር ፈረሰ።

ማክሰኞ፣ አሲናራ

ጠዋት ከስቲንቲኖ በጀልባ ተሻገርን። አሲናራ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት። መኪና ይዞ መግባት አይቻልም፤ ከአስጎብኚ ጋር በላንድሮቨር ወይም በብስክሌት ነው። ደሴቷ ወደ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። በዝነኞቹ ነጫጭ አህዮቿ ትታወቃለች። ቁመታቸው ትንሽ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ስለሚጎዳቸው ጥላ ጥላውን ይይዛሉ።

አስጎብኛችን ጎበዝ ወጣት ነው። ፎርኔሊ ላይ ከባዱን እስር ቤት አሳየን፤ የማፊያ አለቆችና ቀይ ብርጌድ የሚባለው የግራ ታጣቂ ቡድን ሰዎች የታሰሩበትን። ካላ ዶሊቫ ላይ ዳኞቹ ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ በ1985 ከገዳይ ተደብቀው የማፊያውን ክስ ያዘጋጁበትን ቤት አሳየን። ካምፑ ፔርዱ ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሞቱትን የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች አጽም የያዘውን ሕንፃ አሳየን። ሰርቦች ማርከዋቸው በአልባንያ ተራሮች እየነዱ ያመጧቸው ናቸው፤ ኮሌራ በሺዎች ጨረሳቸው። ሁሉንም በደንብ አስረዳን።

ስለ ኢትዮጵያውያን ስጠይቀው፣ «አዎ፣ ልዕልቲቱ» አለ። ከዚያ የሚጨምረው ብዙ አልነበረውም። ስለዚህ እኛ ነገርነው። ልጅቷ በጣሊያንኛዋ፣ እኔ ከጀርባዋ እየጠቆምኩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከጭፍጨፋው የተረፉ መኳንንት፣ ወይዛዝርት፣ ካህናትና የተማሩ ሰዎች እየተለቀሙ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ቁጥራቸው ወደ 400 ይጠጋል። ከእነሱ ውስጥ አስቀድመው ለጣሊያን የገቡም ነበሩበት፤ መግባታቸው አላዳናቸውም። ብዙዎቹ የመጡት እዚህ፣ አሲናራ ነው። ሕፃናት ነበሩ፤ አገልጋዮችም ነበሩ።

አስጎብኛችን «ልዕልቲቱ» ያላቸው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ናቸው። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው የካቲት ወር በጣሊያኖች ተገድለዋል። እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ወደዚህ መጡ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቱሪን ውስጥ አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። አገራቸው ነፃ ልትወጣ የቀሯት ወራት ነበሩ።

ሌላዋ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆነው ለአርበኞች ጥይትና ወሬ ሲያቀብሉ ተያዙ። ተገረፉ፣ ተሠቃዩ፣ ምስጢር አላወጡም። ወደ አሲናራ ተላኩ። ሲለቀቁ ወደ አገራቸው ተመልሰው ቀጥታ ወደ አርበኝነታቸው ገቡ። ይህን ስትተረጉም የልጅቷ ድምፅ ከፍ አለ። ወጣቱ ስማቸውን እንድትጽፍለት ደብተሩን ሰጣት። ፊደሉን በሁለቱም ጻፈችለት።

ደሴቷ ላይ የኦስትሪያውያኑ አጽም ቤት አለው። የዳኞቹ ስም ግድግዳ ላይ አለ። እኛ በዞርንበት ሁሉ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አላየንም። ይህ ያንገበግበኛል። በጣሊያን ብቻ አልፈርድም። እኛም ብንሆን የካቲት 12ን ስንዘክር ሐውልቱ ጋ እንቆማለን፤ ከዚያ ቀን በኋላ ባሕር የተሻገሩትን አንጠራቸውም።

ረቡዕ፣ ስቲንቲኖ

መመለሻችን ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን ወረቀት ዘርግተን ቁጭ አልን። ከአሲናራ የወጡት ግዞተኞች ወዴት እንደ ተበተኑ ከሁለታችንም መጻሕፍት እየለቀምን ጻፍን፦ መርኮሊያኖ፣ ቲቮሊ፣ ካላብሪያ ውስጥ ሎንጎቡኮ የምትባል የተራራ መንደር። ቱሪንም አለች። ስለ እያንዳንዱ ቦታ ያለን መረጃ ከሁለት ከሦስት መስመር አያልፍም።

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን አሲናራ በነበሩት ኢትዮጵያውያን ሴቶችና ሕፃናት ላይ ለመሥራት ወስናለች። የጣሊያንን መዝገብ ቤት እሷ ትችለዋለች። የሚጎድላት የእኛ ወገን ነው፤ መኳንንቱን ተከትለው የመጡትን አገልጋዮችና ሞግዚቶች ስም ማን መዘገበው? ከዘመዶቻችሁ በ1929 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን የተጋዘ ካለ፣ ስሙንና የቆየበትን ቦታ፣ የምታስታውሱትንም ደብዳቤ ወይም ፎቶ ትልልቆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት። እኛ በመስከረም ወደ ሎንጎቡኮ እንሄዳለን፤ ከዚያ ቱሪን፣ ልዕልቲቱ ወደ ተቀበሩበት።